ሐኪምሽን ሳትጠይቂ

ልጅቷ በኋላ በር በኩል ካለው ደረጃ ሥር በአፍጢሟ ተደፍታ የተገኘችው ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ነው። በስልክ ብቻ በሚነበበው በዚያ ዜና ቤት ሥራዋ አንድ ነበር፤ ሕዝቡ ገጹ ላይ ለሚጽፈው ኮሜንት መልስ መስጠት። የሰደበውንም የመረቀውንም እኩል «እርስዎ» ብላ ትመልስና መጨረሻው ላይ አንዲት ቢጫ አበባ ታኖራለች። ሌሎቹ ሕዝቡን በቁጥር ሲያውቁት እሷ በስሙ ታውቀው ነበር።

መርማሪዋ ስትደርስ ፖሊሶቹ ገዳይ አግኝተው ጨርሰዋል። ፎቶ አንሺው በካቴና ታስሮ ወንበር ላይ ኩርምት ብሏል። መርማሪዋን ሰዉ ሁሉ «ወንፊት» ይላታል፤ እንክርዳድ አያልፋትም።

«ይሄን ልጅ በምን ያዛችሁት?»

«ሟች እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ ለተከታዮች ስትመልስ ነበር» አለ ፖሊሱ። «ሌሎቹ ከሰባት ሰዓት ጀምሮ ስብሰባ ላይ ናቸው። ከዘጠኝ በኋላ ከውጭ የገባው እሱ ብቻ ነው። ጠዋትም ተጣልተዋል።»

«በምን ተጣላችሁ?»

«ፎቶዬን ርዕሱን አጣመው ለጠፉት። አንቺስ ዝም ትያለሽ ወይ ብዬ ጮኽኩባት።» ፎቶ አንሺው ቀና አለ። «እትዬ፣ ሚስቴ ዛሬ ነገ ልትወልድ ነው። እኔ ከታሰርኩ ማን አላት?»

«አታልቅስብኝ፤ ዕንባ ማስረጃ አይሆንም።» አነጋገሯ እንዲህ ነው፤ ማባበል አልፈጠረባትም።

የሟች ጠረጴዛ ላይ ምሳ ዕቃ አለ። ክዳኑን ከፈተችው፤ ምግቡ አልተነካም። መሳቢያው ውስጥ ደግሞ አንድ ደብተር አገኘች። የተሳዳቢዎች ስም ተደርድሮበታል፣ ሁለት መቶ ያህላል። ከሥሩ «እነዚህ ሁሉ አንድ ሰው ናቸው። ዛሬ ከሰዓት ለተከታዮቹ እናገራለሁ» ይላል። ደብተሩን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

«ምሳዋን ስንት ሰዓት ነበር የምትበላው?»

«ሰባት ሰዓት ላይ፣ ደቂቃ አታዛንፍም» አለ ዋና አዘጋጁ፣ ዓይኑን ከስልኩ ሳይነቅል። «እትዬ፣ ቶሎ ብንጨርስ ጥሩ ነው። የሞቷን ዜና ለጥፈን ሃያ ደቂቃ ሳይሞላው አርባ ሺህ ሰው አየው።»

«እሰይ። ነገ ደግሞ እርስዎ ይሙቱላቸው፤ ሰማንያ ሺህ ይሞላል።»

ሰውየው ስልኩን ኪሱ ከተተ።

የተከታዮች ጉዳይ ኃላፊ የሚባለው ግን እንደ ሐር የለሰለሰ ነው። ሥራው ሕዝቡ እንዲያይ፣ ሼር እንዲያደርግ፣ ከሁሉም በላይ እንዲቆጣ ማድረግ ነው።

«የተደሰተ ሰው ስቆ ያልፋል፣ እትዬ። የተናደደ ነው እየተመላለሰ የሚጽፈው።»

«አልናደድ ካለስ?»

«እናናድደዋለና!» ብሎ ሳቀ። ሳቁን ወዲያው ዋጠው።

«የገጹን የይለፍ ቃል ማን ያውቃል?»

«ሁላችንም።»

«ስብሰባው ላይ ስልክ ይዛችሁ ነበር?»

«ያለ ስልክ ማን ይሰበሰባል?»

ወንፊት ፖሊሱን ጠርታ የዕለቱን መልሶች ከላይ እስከ ታች ጮክ ብሎ እንዲያነብላት አዘዘችው። ፖሊሱ ጀመረ።

«ቀስ በል፤ የሚያባርርህ የለም።»

«ሻምበል የሚባል ሰው፣ ስምንት ሰዓት ላይ። ‹ጉልበቴ አላስቀምጥ ብሎኛል። የጻፋችሁት ቅባት ለእኔ ይሆናል?› ይላል። መልሱ፣ ‹ሐኪምሽን ሳትጠይቂ እንዳትቀቢው።› ከዚያ አበባ።»

«ድገመው።»

ደገመው። ስልኩን ተቀብላ የሻምበልን ፎቶ አየች፤ ባለ ሪዝ ወታደር ነው። ወደ ኋላ ሄዳ የቆዩትን መልሶች ተመለከተች። ሁሉም «እርስዎ» ይላሉ። ሻምበል አንድ ጊዜ ለገጹ የላከውን የስልክ ቁጥር አገኘችና ኮሪደሩ ላይ ወጥታ ደወለች።

ከአንድ ሰዓት በኋላ ሁሉንም ስብሰባ ክፍል ሰበሰበቻቸው።

«ልጅቷ ምሳዋን ሳትበላ ሞተች፤ ከሰባት ሰዓት በፊት ማለት ነው። ፎቶ አንሺው ያኔ ከከተማ ውጭ ነበር፤ ያነሳቸው ፎቶዎች ሰዓታቸው ተጽፎባቸዋል። ከዚያ በኋላ አበባ ሲያኖር የዋለው ሌላ ሰው ነው፤ እዚሁ ስብሰባ ላይ ተቀምጦ፣ ስልኩን ጠረጴዛ ሥር ይዞ።»

«ያ ማናችንም ልንሆን እንችላለን» አለ ኃላፊው።

«ትችሉ ነበር። ሰውየው አበባዋን ቀዳ፣ ትሕትናዋን ቀዳ፣ ለሁሉም ‹እርስዎ› አለ። አንድ ቦታ ላይ ግን ጣቱ አመለጠው። ይሄን ባለ ሪዝ ‹ሐኪምሽን› አለው። ከወታደሩ ፎቶ ጀርባ ሴት እንዳለች የሚያውቅ ሰው ነው።»

በሩ ተከፈተ። አንዲት አሮጊት በምርኩዝ እያነከሱ ገቡ። ኃላፊው ከመቀመጫው ተስፈንጥሮ ተነሣ።

«እማዬ! እዚህ ምን ታደርጊያለሽ?»

«ማንም ሳይጠይቀው መለሰ» አለች ወንፊት። «እማማ፣ የሻምበልን ስም ማን አወጣልዎት?»

«እሱ ነዋ። ስልኩን ገዝቶ፣ የሟች አባቱን ማዕረግና ፎቶ አስገባልኝ። ‹ሴት መሆንሽን ካወቁ ይሰድቡሻል› ብሎኝ።»

ወንፊት ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ ጣለችው። «ተሳዳቢዎቹን ያውቃቸዋላ! ሁለት መቶዎቹም እሱ ናቸው። ልጅቷ ደረሰችበት፤ ዛሬ ልትናገር ነበር።»

«ልገፋት አልነበረም» አለ ኃላፊው፣ ድምፁ ተሰብሮ። «ስልኳን ልቀማት ስል...»

«ስትወድቅስ ሰው ጠራህ? አበባ ነው ያኖርክላት።»

ካቴናው ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ተዛወረ። ፎቶ አንሺው ሳያመሰግን እንኳ ወደ ሚስቱ ሮጠ። አሮጊቷ ልጃቸው ፊት ቆሙ፤ አላለቀሱም።

«ሦስት ዓመት የጻፍኩት ልጄ ያየው ይሆናል ብዬ ነበር። እሷ ናት የመለሰችልኝ። አንተ አንድ ቀን መለስክልኝ፤ እሱንም በሬሳ ስም።»

ለሁለት መቶ ሰው አፍ ሆኖ የኖረው ልጅ፣ ለአንዲት እናቱ የሚመልሰው አጣ።