ዋናው የትኛው ነው?

ይሄ በራሴ ላይ የደረሰ ነው። ከሰው አልሰማሁትም፣ የትም አላነበብኩትም። ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ ነው... እኔ ግን ካልተናገርኩት አይወጣልኝም።

ደግሞ ሌሊት እንዳይመስላችሁ።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነበር። ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ የሥራ ጠረጴዛዬን ሞልታዋለች። ከውጭ የመኪና ጡሩምባ ይሰማል።

ኮምፒውተር ጠጋኝ ነኝ። አሥራ ስምንት ዓመት ሠርቻለሁ። የሰፈሩ ሰው "ዶክተሯ" ይለኛል፤ ሳልደብቅ ልንገራችሁ፣ ስሙን እወደዋለሁ። "አልገባኝም" የሚባል ቃል ከአፌ አይወጣም። ጉዱን ያመጣብኝም እሱ ነው።

የዚያን ዕለት ጠዋት አራት ሰዓት ላይ አንዲት በዕድሜ የገፉ ልብስ ሰፊ መጡ። አንድ አሮጌ ዴስክቶፕ በአልጋ ልብስ ጠቅልለው እንደ ሕፃን አቅፈውታል።

ባላቸው ካረፉ አራት ዓመት ሆኗቸዋል። የማተሚያ ቤት ጡረተኛ ነበሩ። ጉሮሯቸውን ታመው፣ ቀዶ ጥገናው ድምፃቸውን እንደሚወስደው ሐኪሙ ሲነግራቸው፣ ቤታቸው ገብተው ለልጅ ልጆቻቸው ተረት መቅዳት ጀመሩ። በአርባ ሁለት ምሽት አርባ ሁለት ተረት። ከዚያ ሐኪም ቤት ገቡ... አልተመለሱም።

"ፎቶውማ ሞልቷል" አሉኝ እትዬ። "ፎቶ አይናገርም። ከሱ የቀረኝ ይሄው ድምፁ ነው።"

ለመስማት አንጀታቸው አልችል ብሎ ሶኬቱን ነቅለው፣ ጨርቅ አልብሰው አስቀምጠውት ኖሯል። ባለፈው ወር ልባቸው ጨከነና ሰኩት። የተቃጠለ ነገር ሸተታቸው። ስክሪኑ ዲስክ የለም አለ። ወዲያው መልሰው ነቀሉት።

"ይገኛል ልጄ?"

"ይገኛል እትዬ። ቁጭ ይበሉ።"

ችግሩን ለማወቅ አምስት ደቂቃ አልፈጀብኝም። ውስጡ ሁለት ሃርድ ዲስክ አለ። ሁለቱን የምታዛቸው መዳፍ የምታህል አረንጓዴ ካርድ ናት፤ መቆጣጠሪያ ካርድ እንላታለን። የተጻፈውን ሁሉ ሁለቱም ላይ እኩል ትጽፋለች። አንዱ ዲስክ ቢሞት ሌላው ግልባጩን ይዞ ይቀራል። ሽማግሌው የማተሚያ ቤት ሰው አይደሉ? በአንድ ቅጂ አይተማመኑም።

የተቃጠለችው ካርዷ ነበረች። ዲስኮቹ ደህና ይመስላሉ።

አንድ ነገር ብቻ...

የላይኛውን ስነካው ቀዝቃዛ ነው። የታችኛው ሞቅ ይላል።

ከፀሐዩ ነው ብዬ አለፍኩት። ፀሐይ ግን ገና መስኮቱ ጋ አልደረሰችም ነበር።

ካርዷ የድሮ ስለሆነች አምሳያዋን ፍለጋ ከሱቅ ሱቅ ስዞር እኩለ ቀን አለፈ። ስመለስ እትዬ ከወንበራቸው አልተነሱም። ውሃ እንኳ አልጠጡም። ገመዶቹ ላይ ቁጥር እየለጠፍኩ ነቀልኳቸው፣ የተቃጠለችውን አውጥቼ አዲሷን ሰካሁ፣ ብሎኗን አጠበቅኩ።

አበራሁት።

ሁለቱም ዲስኮች መዞር ጀመሩ። ስክሪኑ ላይ ጽሑፍ መጣ... ሁለቱ ዲስኮች አይመሳሰሉም ይላል። ዋናው የትኛው ነው ብሎ ይጠይቀኛል።

ይሄ በሥራችን ያጋጥማል። አንደኛው ዲስክ ቀድሞ ከመስመር ወጥቶ ሌላው ላይ ብቻ ሲጻፍ ከቆየ ይለያያሉ። ያኔ ዋናውን ትመርጣላችሁ። ካርዷ እሱን በሌላው ላይ ትገለብጣለች፤ ሌላው ላይ የነበረው ይጠፋል። የሁላችንም ደንብ ደግሞ አንድ ነው፤ መጨረሻ የተጻፈበት ይበልጣል።

ቀኖቹን አየሁ።

የላይኛው መጨረሻ የተጻፈበት ከአራት ዓመት በፊት ነው። ቀኑን ለእትዬ ስነግራቸው፣ ባላቸው ሐኪም ቤት የገቡበት ዋዜማ መሆኑን ነገሩኝ።

የታችኛው... የዛሬ ቀን ነው። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሃያ።

ቀኑን ደግሜ አነበብኩት።

የሰዓቱ ባትሪ ሲያልቅ ኮምፒውተር ቀን ይስታል፣ አውቃለሁ። ግን የሚስተው ወደ ኋላ ነው። ዛሬን ከየት ያውቃል?

"እትዬ... ከቤት ስንት ሰዓት ወጡ?"

"ሦስት ሰዓት ላይ። መንገዱ ተዘጋግቶ አንድ ሰዓት ሙሉ ታክሲ ውስጥ ነበርኩ።"

"ኮምፒውተሩስ?"

"ጭኔ ላይ ነዋ።"

እዚህ ላይ ማቆም ነበረብኝ። ለሥራው አዲስ የሆነ ሰው እንኳ ያውቀዋል፤ ነገሩ ካልገባህ ሁለቱንም ዲስክ ለየብቻ ሌላ ቦታ ገልብጠህ አስቀምጥ፣ ከዚያ በኋላ ንካ። ባዶ ዲስክ በእጄ አልነበረም። ለማምጣት ደግሞ "አልገባኝም፣ ነገ ይመለሱ" ማለት ሊኖርብኝ ነው። እኔ ዶክተሯ? ያቺን ቃል ከአፌ ማውጣት አቃተኝ።

ደንቡን ተከተልኩ። የታችኛውን መረጥኩ።

አንድ በመቶ... ሁለት በመቶ...

ካርዷ እየገለበጠችም ቢሆን ኮምፒውተሩን መክፈት ይቻላል። ከፈትኩት። አርባ ሁለቱም ተረቶች በየስማቸው ተደርድረዋል። እፎይ አልኩ። እትዬ ወንበራቸውን ስበው አጠገቤ ተቀመጡ።

የመጀመሪያውን ተጫንኩ።

"ከዕለታት አንድ ቀን..." አለ የሽማግሌ ድምፅ።

እትዬ አፋቸውን በመዳፋቸው ከደኑ። እኔም እንባዬ መጣ፣ አልዋሽም።

"...አንዲት ቀበሮ..."

ቆመ።

ዝም አለ። ትንፋሽ ብቻ ይሰማል...

"አጠገብሽ ያለችው ማናት?"



ዘጋሁት። ሁለተኛውን ከፈትኩ። ከዕለታት አንድ ቀን አለ፣ ስለ አንድ ሰነፍ አህያ ጀመረ፣ ቆመ። ከዚያ ያንኑ ጥያቄ። ሰባተኛውን። ሠላሳ አራተኛውን። ሁሉም መሐል ላይ ይቆማሉ። ሁሉም ይጠይቃሉ።

ማይክ አልተሰካም። ኢንተርኔት የለም። ሁለት ጊዜ አረጋገጥኩ።

ፋይሉ ተበላሽቶ ይሆናል አልኳቸው። እኔው ያላመንኩትን።

እትዬ ግን እየሰሙኝ አልነበረም። ፊታቸው በርቷል።

"ሰማሽው ልጄ?" አሉኝ በሹክሹክታ። "አልጎረነነም እኮ።"

"ምኑ?"

"ድምፁ። ሲቀዳ እኮ ጎርንኖ ነበር። ሁለት ቃል ተናግሮ ያስለው ነበር። ውሃ የማቀብለው እኔ ነኝ። አሁን ስሚው... ጥርት ብሏል። ድኗል።"

ያኔ ገባኝ።

የሚያስሉት ሽማግሌ ያሉት ቀዝቃዛው ዲስክ ላይ ነው። እኚህ ሴትዮ አራት ዓመት ሙሉ ጨርቅ አልብሰው የጠበቁት ድምፅ እዚያ ነው ያለው። እኔ ደግሞ በገዛ እጄ ሌላ ነገር እየጻፍኩበት ነው። ምን እንደሆነ የማላውቀውን ነገር።

ስክሪኑን አየሁ። ዲስኮቹ ትንንሽ ስለሆኑ ቶሎ ሄዷል። ስልሳ አንድ በመቶ።

እጄን ወደ ማጥፊያው ሰደድኩ። አሁን ቢቋረጥ ጥቂቱ ይተርፋል፤ አሥር ተረት፣ አምስት፣ አንድም ቢሆን።

እትዬ አንጓዬን ያዙኝ። ጣታቸው ክር የሚያስገባ ቀጭን ጣት ነው። ማላቀቅ አልቻልኩም።

"አታጥፊው።"

"እትዬ፣ የድሮው እየጠፋ ነው። እውነተኛው እየጠፋ ነው።"

"የድሮውማ በሽተኛ ነው" አሉ ቀስ ብለው። "ይረፍ።"

ዓይናቸውን ከስክሪኑ አላነሱም። እጄንም አልለቀቁም። ሰባ... ሰማንያ ሁለት... ዘጠና ዘጠኝ...

አለቀ።

ከዚያ በኋላ አርባ ሁለቱንም አንድ በአንድ ከፈትኳቸው። አንዲት ሳል ፍለጋ። የለችም።

አጠፋሁት፣ ገመዱን ነቀልኩ፣ በአልጋ ልብሱ መልሼ ጠቀለልኩት። ታክሲ ጠርቼ እስከ በሩ ሸኘኋቸው። ይቅርታ ልል አስቤ ተውኩት። እሳቸው ግን ጉንጬን ሳሙኝ፣ መረቁኝ። ስሜን ጠየቁኝ፤ እስካሁን ሳልጠይቅሽ አሉ። ነገርኳቸው።

ተመልሼ ስገባ የኤሌክትሪክ ገመዱ ጠረጴዛው ላይ ቀርቷል።

ይዤው ሮጥኩ። ታክሲው ትንሽ ዝቅ ብሎ የትራፊክ መብራት ይዞታል። መስኮቱን ላንኳኳ እጄን አነሳሁ...

ኮምፒውተሩ ጭናቸው ላይ ነው። ከአልጋ ልብሱ ሥር አረንጓዴ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል። እትዬ ጆሯቸውን አስጠግተው፣ እንደ ኮረዳ እየተሽኮረመሙ ይስቃሉ።

ሲያዩኝ ሳቃቸውን አቆሙ። ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው ዝም በይ አሉኝ።

ከዚያ ወደ ጭናቸው ጎንበስ አሉ።

በመስታወቱ አልፎ ድምፅ አልመጣም... ግን ከንፈራቸው ላይ ስሜን አነበብኩት።