ወደ እሱ የሚሄድ መስመር

ጠራዡ የሞተው ጀርባውን እንደሰጠ ነው። በማተሚያ ቤቱ ሁለተኛ ፎቅ፣ መጻሕፍት የጫነ ጋሪውን ወደ ኋላ እየጎተተ መጣና በእጁ የዕቃ አሳንሰሩን በር ዳብሶ ከፈተ። እንደ ልማዱ ሳይዞር ገባ። አሳንሰሩ ግን ምድር ቤት ቀርቶ ነበር። ጋሪው ደፉ ላይ ተንጠልጥሎ ሲቀር ሽማግሌው ወደቀ።

ኢንስፔክተሩ ሲደርስ ማሽኖቹ ቆመዋል። የአሳንሰር ጠጋኙ በካቴና ታስሮ ደረጃው ላይ ተቀምጧል። የሟቹ አማች ነው። ሚስቱ፣ የሟቹ አንድ ልጅ፣ ከአስከሬኑና ከባሏ መሃል ቆማ ወደ የትኛው እንደምትሄድ ጠፍቷታል።

«ማስጠንቀቂያ ሰቅዬ ነበር» አለ ጠጋኙ። «ማለዳ፣ ሰው ሳይገባ።»

«የት አለ ታዲያ?» ፎርማኑ ጮኸበት። «ፎቁን በሙሉ አስፈትሼአለሁ። አንዲት ካርቶን የለም!»

ልጅቱ ወደ ኢንስፔክተሩ ዞረች። «ጌታዬ፣ አባቴ ሄደ። ባሌንም ከወሰዱት ቤት የምገባው ከማን ጋር ነው?»

ኢንስፔክተሩ ወደ በሩ ሄደና ተንበረከከ። ከእጀታው ሥር ቀጭን ሽቦ አነሳ። ሽቦው አልተበጠሰም፤ ጥምዝምዙ በትዕግሥት ተፈትቷል።

«ለምን እጀታው ላይ አሰርከው?» ሲል ጠጋኙን ጠየቀው። «በዓይን ትይዩ አይሻልም ነበር?»

«አማቴ ወደ ኋላ ነው የሚገባው። ዓይኑ አያየውም። እጁ እንዲያገኘው ብዬ ነው።»

ኢንስፔክተሩ ሽቦውን በወረቀት ጠቀለለ። «ለማን ተናገርክ?»

«ለማንም። ማን ነበረና? በሩ እንደማይቆለፍ፣ መለዋወጫው ከሰዓት እንደሚመጣ ጻፍኩና ፍለጋ ወጣሁ።»

ኢንስፔክተሩ ሠራተኞቹን አንድ በአንድ አስጠራ። መጀመሪያ ማሽኒስቱ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ገባ።

«አሳንሰሩ መበላሸቱን ታውቅ ነበር?»

«እንዴ! ጠዋቱን ሁሉም ሰምቷል። መለዋወጫው ከሰዓት ነው የሚመጣው።»

«ካርቶኑን አይተህ ነው?»

«የምን ካርቶን? ወረቀት ቆራጯ ናት የነገረችኝ። በእጇ።»

«በእጇ?»

ማሽኒስቱ ሳቀ። «ማሽን ሲነሳ እዚህ ቤት አፍ ለመብላት ብቻ ነው። እኛ በእጅ ነው የምናወራው።» መዳፉን ገልብጦ ቁልቁል ጣለው። «ይኸው፤ አሳንሰሩ ገደል ነው ማለት ነው።»

«ለጠራዡስ ማን ነገረው?»

ሳቁ ጠፋ። ሁለቱም እጆቹ ቀስ ብለው ኪሱ ገቡ።

ወረቀት ቆራጯ ግን አልደበቀችም። «ባለፈው አድማ ስንመታ ጠራዡ ብቻውን ሥራ ገባ። ከዚያ ወዲህ እሱ ሲመጣ እጃችን ኪስ ይገባል። ማንም ደንብ አላወጣም። እንዲሁ ሆነ።»

«ለአንቺስ ማን ነገረሽ?»

«ፎርማኑ።»

ፎርማኑ አንገቱን አከከ። «ለእኔ ያቺ ተማሪ ናት።»

«የትኛዋ?»

«የዩኒቨርሲቲዋ። መመረቂያ ጽሑፏን እዚህ ነው የምትሠራው። የተቋም ተግባቦት ይሉታል፤ ወሬ በመሥሪያ ቤት ውስጥ እንዴት እንደሚሄድ ማጥናት ነው አሉ። እኛን ቢጠይቁን በነጻ እናስተምር ነበር! ጎበዝ ናት ግን፤ ከሁላችን ቀድማ ነው የምትገባው።»

ተማሪዋ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቅፋ ገባች። ድምፅዋ አይሰማም ማለት ይቻላል።

«ለአንቺስ ማን ነገረሽ፣ የእኔ ልጅ?»

«ሲወራ ሰማሁ።»

ኢንስፔክተሩ ሁሉንም የወረቀት ጥቅልሎቹ መሃል ሰበሰባቸው። ጠጋኙን ከነካቴናው አስመጥቶ አስቀመጠው። ሚስቱም አጠገቡ ቆመች።

«ወሬውን ወደ ኋላ ተከተልኩት» አለ። «ማሽኒስቱ ከቆራጯ፣ ቆራጯ ከፎርማኑ፣ ፎርማኑ ከተማሪዋ። መለዋወጫው ከሰዓት እንደሚመጣ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ይህን የሚያውቀው ግን አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም ትንፍሽ አላለም። ጽፎ ሰቀለው እንጂ። ስለዚህ ካርቶኑ ነበረ፤ የሆነ ሰው አንብቦታል።»

ፎርማኑ አቀረቀረ።

«ሽቦው በእርጋታ ተፈትቷል። ስለዚህ የፈታው ሰው ብቻውን ነበር፤ ቀድሞ የገባ ነው። ወሬው ደግሞ ከአንድ አፍ ይነሳል። ያ አፍ ‹ሲወራ ሰማሁ› አለኝ። ከማን? ከእሱ በፊት ያወራ የለም።»

ተማሪዋ ቦርሳዋን ከፈተች። ካርቶኑ ለሁለት ታጥፎ ውስጡ ነበር።

«በምሳ ሰዓት ልመልሰው ነበር» አለች። «የጽሑፍ መልእክት ሲጠፋ የቃል መልእክት እስከምን ይደርሳል የሚል ነው ጥናቴ። ለአንድ ሰው ብቻ ነግሬ ተቀመጥኩ። ወዲያው ነው አዳራሹን የሞላው።»

«አንድ ሰው ጋ እንደማይደርስ ታውቂ ነበር?»

ካርቶኑን አውጥታ ሰጠችው። «አውቅ ነበር። ማን ከማን ጋር እንደሚያወራ በሥዕል አስቀምጬዋለሁ። ሁሉም ሰው ክብ ነው፤ በመሃላቸው መስመር አለ። ወደ እሱ የሚሄድ መስመር ግን የለም። መምህሬን ሳሳየው ‹ይሄ ትልቅ ግኝት ነው› አለኝ።»

«ታዲያ ለምን ራስሽ አልነገርሽውም?»

«አጥኚ ጣልቃ አይገባም ተብለን ነው የተማርነው።» ቦርሳዋን ዘጋች። «ደግሞ... ጋሪውን ይዞ ሲያልፍ ሁሉም ያዩት ነበር። አንዱ እጁን ያወጣል ብዬ ጠበቅሁ። እየጠበቅሁ ነበር።»

ማሽኒስቱ ፊቱን አዞረ።

ኢንስፔክተሩ የጠጋኙን ካቴና ፈታ። ጠጋኙ ግን ነጻ እንደወጣ ሰው አልተነሳም፤ እጆቹን ጉልበቱ ላይ ጥሎ ካርቶኑን ያያል።

«አንቺ ከእኔ ጋር ትሄጃለሽ» አላት ኢንስፔክተሩ ተማሪዋን።

«እነሱስ?» አለች የሟቹ ልጅ።

ኢንስፔክተሩ ሠራተኞቹን በሙሉ አያቸው። ከዚህ በፊት ብዙ ነገር ፈትቷል፤ የፈታው ነገር እንዲህ አቅም ያሳጣው ጊዜ ግን አልነበረም። «ዝም ያለን ሰው የምከስበት አንቀጽ የለኝም፣ እህቴ።»

ልጅቱ አልተከራከረችም። የአባቷ ካፖርት ከአሳንሰሩ በር አጠገብ ተሰቅሎ ነበርና ልታወርደው ሄደች። በሩ እንደተከፈተ ነው።

ማሽኖቹ ቆመዋል። አዳራሹ ጸጥ ብሏል፤ በሹክሹክታ እንኳ ሊጠሯት ይችሉ ነበር። ግን ልማድ ሆነና እጆች ከየኪሱ ወጡ። የማሽኒስቱም፣ የቆራጯም፣ የፎርማኑም፣ ከኋላ የቆሙትም ሁሉ። መዳፎቹ ተገልብጠው ቁልቁል ወረዱ።

ካፖርቱን እንዳቀፈች ዞር ብላ አየቻቸው።

«አሁን?» አለች።

ማንም እጁን ወደ ኪሱ ለመመለስ አልደፈረም።