ሟች አንድ፣ ቁስለኛ አንድ

በከተማው ቢሮ የመንገድ አደጋ ሟቾችን ይቆጥር የነበረው ሠራተኛ አስከሬን ሆስፒታል ውስጥ በነጭ አንሶላ ተሸፍኗል። ማታ ከቢሮው ጀርባ ባለው ጭር ያለ መንገድ ላይ በመኪና ተገጭቶ በአምቡላንስ የመጣ ነው። ሐኪሙ መርማሪዋን ወደ ጥግ ወስዶ አንሾካሾከላት።

«ዶክተር፣ ይህ ከእኛና ካነሱት ሰዎች አይለፍ» አለችው። «ለሌላው ሁሉ ‹ሌሊቱን አልጋ ላይ አረፈ› ይበሉ።»

ኮሪደሩ ላይ አንዲት እናት ደረቷን ትመታለች። ዳቦ ሻጭ ልጇ ትናንት ገበያው በር ላይ ተገጭታ፣ ሌሊቱን ሆስፒታሉ ውስጥ አርፋለች።

የቆጣሪው ሚስት ግን አላለቀሰችም።

«ባሌ ነገ ምክር ቤት ቀርቦ ‹ቁጥሩ ውሸት ነው› ሊል ነበር። አለቃው የሚቆጥረው አስፋልት ላይ የሞተውን ብቻ ነው። አልጋ ላይ የሞተ ‹ቁስለኛ› ይባላል። ሞት በግማሽ ቀነሰ ተብሎ ሊሾም ነው! አሁን አደጋ ነው ተብሎ ከተዘጋ፣ ባሌም እውነቱም አብረው ተቀበሩ።»

ቢሮው ግቢ የቆመው የመሥሪያ ቤቱ መኪና የፊት መብራቱ ተሰብሯል። መንገዱ ላይ የተገኘው ስብርባሪ ልክ ገጠመለት።

«ቁልፉ በር ጀርባ ሚስማር ላይ ነው የሚንጠለጠለው፤ እኔም አነሳዋለሁ፣ አለቃውም ያነሳዋል» አለ ሾፌሩ።

«ከሟቹ ጋር ተጣልተህ ነበር አሉ።»

«የቢሮውን ነዳጅ ትሸጣለህ ብሎ ከሶኛል። እውነቱን ልንገርዎትና ሸጫለሁ! ግን በነዳጅ ሰው ይገደላል እንዴ?»

መርማሪዋ ላብ ያራሰውን ግንባሩን አየች።

ከውስጥ የአለቃው ድምፅ ተሰማ። እንደ ወትሮው በስልክ ለሬዲዮ የቀኑን ቁጥር ያነባል። «ትናንት በከተማችን፣ ሟች አንድ፣ ቁስለኛ አንድ።»

ባለችበት ቀጥ ብላ ቆመች።

ከምሳ በፊት ሐኪሙን፣ ሚስትየዋንና ሾፌሩን በአለቃው ክፍል ሰበሰበች።

«ሟች ያሉት ማንን ነው?»

«ወንድሜን፣ ቆጣሪያችንን ነዋ!» አለቃው ዓይኑን በመሐረብ ጠረገ።

«ቁስለኛውስ?»

«ዳቦ ሻጯ።»

«ስለሁለቱ ምን ተነገረዎት?»

«ሌሊቱን ሆስፒታል አልጋ ላይ አረፉ ተብሎ ተደወለልኝ።»

«ታዲያ በእርስዎ ደንብ ሁለቱም ቁስለኞች ናቸው።»

መሐረቡ አየር ላይ ቀረ። «እሱን… ላክብረው ብዬ…»

«በሕይወቱ ያላከበሩትን? እጅዎ እንደለመደው፣ አስፋልት ላይ የሞተውን ‹ሟች› ብሎ ጻፈ። ዶክተር፣ አሁን ይናገሩ።»

«አልጋ አልያዘም» አለ ሐኪሙ። «ሲያነሱት ሞቶ ነበር።»

«ይህን ከእኛና ካነሱት ሰዎች ሌላ የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ነው» አለች መርማሪዋ። «ከመኪናው ወርዶ ትንፋሹን ያዳመጠው።»

አለቃው ወደ በሩ አየ። በሩ ላይ ፖሊስ ቆሟል።

«ጋሼ!» አለ ሾፌሩ። «እኔ ነዳጅ ሰረቅሁ፤ እርስዎ ሬሳ ሲሰርቁ ኖሩ!»

አለቃውን ይዘውት ሲወጡ ሚስትየዋ ጠየቀች፤ «አሁን ባሌ ከየትኛው ይቆጠራል?»

«ከአደጋው ቁጥር ይወጣል፣ እህቴ። ተገድሏል።»

ሚስትየዋ ጥቂት አሰበችና ስልኩን አንስታ ሬዲዮ ጣቢያው ደወለች።

«የጠዋቱን አርሙልን። ሟች አንድ፣ ቁስለኛ የለም።»

«ሟቹማ ያው አንድ ነው እኮ» አላት ከወዲያ ያለው።

«ያው አይደለም» አለች ድምጿ እየተሰበረ። «ይህቺኛዋ ዳቦ ሻጭ ናት።»