ካርድ ያልተሰቀለበት ማብሪያ

አሰልጣኙን ከፍሳሽ መቀበያው ጉድጓድ በገመድ ሲያወጡት አካፋው ከእጁ አልወጣም ነበር። ሰልጣኞቹ «ጋሽ ቀስ በል» ይሉታል፤ ኬሚካል ሲመዝኑም፣ ደረጃ ሲወርዱም፣ ሻይ ሲጠጡም ሳይቀር «ቀስ በል» ማለት ልማዱ ነውና። እንዲህ ያለ ጠንቃቃ ሰው ጋዝ አፍኖት ሞተ መባሉ መርማሪዋን አልዋጥ አላት።

አየሩን ሳይለካ እንደማይወርድ ሁሉም ይመሰክራል። መለኪያው ጉድጓዱ አፍ ላይ ተንጠልጥሏል፤ ደህና ይሠራል። ንጹህ አየር ወደ ታች የሚገፋው ማራገቢያም ሰዎች ሲደርሱ እየዞረ ነበር። የጉድጓዱ ፓምፕ ማብሪያ ላይ የሟቹ ቀይ ካርድ ተሰቅሏል፤ «ሰው አለ፣ አትንካ» ማለት ነው።

በዚያ ጠዋት የውሃና ፍሳሽ ማሰልጠኛ ጣቢያው ውስጥ ሌሎች ሦስት ሰዎች ብቻ ነበሩ፦ የፓምፕ ኦፕሬተሩ፣ ከወሬው ብዛት «ሬዲዮ» የተባለው ሰልጣኝ፣ እና ራሷም ሰልጣኝ የሆነችው የሟቹ አንድያ ልጅ። የቢሮ ሰዎች ጣታቸውን የቀሰሩት ኦፕሬተሩ ላይ ነው። ከሟቹ ጋር ሲጯጯህ ተሰምቷል። መርማሪዋ «አዎ» ካለች ዛሬውኑ ይታሰራል።

«ተጣልታችኋል አሉ» አለችው።

«ተጣልተናል።»

«በምን?»

«በሥራ።»

«እሱ ሲወርድ ከላይ ሆኖ መጠበቅ የእርስዎ ድርሻ አይደል?»

«ነው። ተናድጄ ጥዬው ሄድኩ።» ዓይኖቹ ቀልተዋል። «እሰሩኝ፣ እህቴ። የሚገባኝ ነው።»

እሰሩኝ የሚል ሰው ብዙ ጊዜ ከጀርባው የደበቀው ሌላ ሰው አለ። መርማሪዋ ትታው ወደ ላቦራቶሪው ገባች። ሬዲዮ እንኳን ድምፁን ቀንሷል።

«እትዬ፣ የጠዋቱ ፈተና ድፍርስ ውሃ ማጥራት ነበር። ውሃው ከአንድ በርሜል፣ ኬሚካሉም ያው፤ ጋሽ ቀስ በል ራሱ ነው እኩል መዝኖ የሰጠን። ከዚያ ጭቃው ተያይዞ እስኪዘቅጥ መጠበቅ ነው። የእኔማ እንቢ አለ! ይሄ ጠረጴዛ ወባ እንደያዘው ሰው ይንቀጠቀጣል። ተስፋ ቆርጬ ናሙናዬን በጠርሙስ ቀዳሁና ወጣሁ።»

«ልጅቷስ?»

«እሷ ቀረች።»

መርማሪዋ መዳፏን ጠረጴዛው ላይ አሳረፈች። እውነትም ይንቀጠቀጣል። ማራገቢያው የታሰረው ከዚሁ ግድግዳ በስተጀርባ ነው፤ ማብሪያው በሩ አጠገብ። መደርደሪያው ላይ ሁለት ጠርሙሶች አሉ፤ የሬዲዮው ደፍርሷል፣ የልጅቷ ኩልል ብሏል። መርማሪዋ ጠርሙሱን ወደ ብርሃን አንስታ አየችው። ያወቀችውን ባታውቀው በወደደች።

ሦስቱንም እዚያው ሰበሰበቻቸውና ሬዲዮ ሙከራውን እንዲደግም አዘዘች። ጭቃው ተያያዘ፤ ግን እየተበተነ አልዘቅጥ አለ። ማራገቢያውን አጠፋችው። ጠረጴዛው ጸጥ አለ፤ ጥቂት ቆይቶም ጭቃው ታች ተኛ፣ ውሃው ጠራ።

«ማራገቢያው ሳይቆም ጥርት ያለ ውሃ ከዚህ ጠረጴዛ አይወጣም» አለች። «ጠዋት ቆሞ ነበር። አሰልጣኙ ዝቃጩን በአካፋ ሲያነሳ ጋዝ ይወጣል። ጋዙ ከባድ ነው፤ ታች ይተኛል፣ ከላይ ያለው መለኪያ አያገኘውም። ሲበዛ ደግሞ ማሽተትን ያደነዝዛል፤ አልታወቀውም። ውሃው ሲጠራ ማራገቢያው ተመልሶ ተነሳ። ሰዎች ሲሠራ ያገኙት ለዚህ ነው።»

ልጅቷ በሩ አጠገብ ወዳለው ማብሪያ ዞረች። «ካርድ አልነበረበትም» አለች። «አይቻለሁ። ካርድ ካለ አትንኪ ይለኝ ነበር። አልነበረበትም! ወደ ጉድጓዱ የሚወረደው ከሰዓት ነው። በአባቷ አለፈች እንዳይሉኝ… ውሃዬ ጠርቶ እንዲያየው ብዬ…»

«ካርድ የምትሰቅሉት የቆመ ማሽን እንዳይነሳ ነው» አለች መርማሪዋ በለሰለሰ ድምፅ። «የሚሠራው እንዳይቆም ብሎ የሰቀለ የለም። እሱም አላሰበው። ሊገድለው ያሰበም የለም።» ወደ ኦፕሬተሩ ዞረች። «እርስዎ ግን ማራገቢያው ቆሞ ሲነሳ ሰምተዋል፤ እሰሩኝ ያሉት ለዚህ ነው።»

«ሰምቻለሁ፤ ምን እንደሆነ የገባኝ ግን እሱ ከወጣ በኋላ ነው። እሱን ቀብሬ ልጁን አሳልፌ ልስጥ? እኔ ብታሰር ይሻላል አልኩ።»

«ጋሼ፣ ለምን በጠዋት ወረደ?» አለች ልጅቷ።

«ተዪው፣ ልጄ።»

«ንገረኝ!»

ኦፕሬተሩ ቆቡን አወለቀ። «ያጣላን ይሄው ነው። ጉድጓዱን መጥረግ የእኔ ሥራ ነው፣ ተው አልኩት። ከሰዓት ለፈተና የምትወርጂው አንቺ ነበርሽ። ‹የለም፣ የልጄን ራሴ ልጥረግላት› አለኝ።»

 ልጅቷ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። ኦፕሬተሩ አጠገቧ ተቀመጠ፤ መርማሪዋም በሌላ ጎኗ።