የማንጎ እንፋሎት

ረቡዕ፣ ሰኔ አምስት ቀን፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ልዕልና የትምህርት ቤቱን ኳየር ዕቃ ክፍል ከፍታ ገባች። ከልምምድ በፊት ካባዎቹን አራግፎ በየቁጥራቸው መስቀል የመሪ ዘፋኟ ሥራ ነበር፤ ክፍሉም እንደ ወትሮው የአሮጌ ጨርቅ፣ የጠመኔ ብናኝና ዝናብ ያራሰው ጣውላ ጠረን ይዞ ተቀበላት። ከዚህ ሁሉ ሥር ግን፣ ስስና ጣፋጭ ሆኖ፣ የማንጎ ሽታ ነበረ።

መስኮቱን ከፈተች። ሽታው አልወጣም።

ከስድስት ወር በፊት፣ ጓደኛዋ ሶልያና ድምፅዋ ሻክሮ ስትጨነቅ፣ ከእነዚሁ ካባዎች ኋላ ደብቃ የማንጎ ጣዕም ያለውን ቬፕ፣ ያን የኤሌክትሪክ ሲጋራ፣ ያቀበለቻት ልዕልና ነበረች። የኳየሩ ልጆች ከመድረክ በፊት ባሕር ዛፍ አፍልተው ይታጠናሉ፤ ጉሮሮ ይከፍታል ይላሉ።

«እንፋሎት እኮ ነው፤ ያው መታጠን በይው» ብላት ነበር። «ድስትና ፎጣ የሌለው።»

«የሀብታም ባሕር ዛፍ በይኛ!» ሶልያና እየሳቀች ሳበች፤ አሳላት፤ ደግማ ሳበች። ከዚያ ወዲህ ከየልምምዱ በፊት ሁለቱም ይቀባበሉት ነበር።

አሁን ሶልያና ሆስፒታል ከገባች አሥራ አንድ ቀኗ ነው። ሐኪሞቹ ሳንባዋን ምን እንደጎዳው አላወቁም። ልዕልና ግን ለስሟና ለምረቃው መድረክ ስትል ቬፑን ሽንት ቤት ጉድጓድ ውስጥ ጥላ፣ ለማንም ትንፍሽ አላለችም።

ካባዎቹን መደርደር ጀመረች። ያኔ ነው ከኋላቸው ድምፁ የመጣው፤ ቀጭን፣ እርጥብ ፉጨት፤ ከፍ ይላል፣ ዝቅ ይላል፣ ጥቂት አርፎ ይመለሳል። የሶልያና ካባ፣ ቁጥር አሥራ አራቱ፣ ደረቱ ላይ ነፋ ብሎ የረገበ መሰላት። ወደዚያ ስትራመድ ፉጨቱ ፈጠነ። ለማዳመጥ ትንፋሿን ያዘች፤ ፉጨቱም ዝም አለ።

በሩ ተንኳኳ። የሶልያና እናት ወይዘሮ አስካለ ናቸው፤ የረጠበ ጃንጥላ ይዘዋል፤ ዓይናቸው ቀልቷል።

«ልዑዬ፣ ከልጄ የማትለዪው አንቺ ነሽ። ሐኪሞቹ ‹የወሰደችው ነገር ካለ ዛሬውኑ ንገሩን፤ መድኃኒቱን የምንመርጠው በእሱ ነው› አሉኝ። ምን ነበር?»

«ምንም… የለም፣ እትዬ።» ቃሉ መሐል ላይ ተቆርጦ ወጣ። ፉጨቱም ተመለሰ፤ ቀርቧል። «እትዬ፣ ከካባዎቹ ኋላ… አይሰማዎትም?»

ወይዘሮ አስካለ አዳመጡ። ወደ ካባዎቹ አላዩም። ቀስ ብለው መዳፋቸውን በልዕልና ደረት ላይ አኖሩ።

«አሥራ አንድ ቀን ከአልጋዋ አጠገብ ተቀምጬ ሰምቼዋለሁ» አሉ። «እሷንም እንዲህ ነው የጀመራት።»

ልዕልና ሁሉንም ልትናገር ቆረጠች። ማንጎው፣ ቬፑ፣ ጉድጓዱ፤ ቃላቱ ምላሷ ላይ ተሰልፈው ነበር። አፏን ከፈተች፤ ደረቷ ግን እንደ ተቀደደ ወናፍ ከፍና ዝቅ አለ እንጂ አንዲቷንም ቃል የሚያወጣ ትንፋሽ አልነበረውም። ወደ ፊት ዘመም ስትል ሴትዮዋ ደግፈው ይዘዋት ወለሉ ላይ ተቀመጡ።

«ንገሪኝ፣ ልጄ» አሉ፣ ጆሯቸውን ወደ ከንፈሯ አስጠግተው፤ «ለሁለታችሁም ስትይ፣ ምን እንደነበር ብቻ ንገሪኝ።»

ጆሯቸው ላይ የደረሰው የማንጎ ጠረን ያለው ፉጨት ብቻ ነበር።