ወደ ውስጥ የታጠፈው ቁጥር

የሬዲዮ ጨዋታ አስተላላፊው ኦርቪል ታኬት የሞተው ታልማጅ ኮሌጅ ዓመቱን ሙሉ በሚጠብቀው ቅዳሜ ማለዳ ነው። ከአሮጌው ጅምናዚየም የእንጨት ደረጃ ግርጌ፣ ግራጫ ኮቱን እንደለበሰ በጀርባው ተንጋሎ ተገኘ። ያገኘው አሰልጣኝ ራስክ ነው። የወረዳው ፖሊስ መርማሪ ሎርና ፕሩዊት በረዶውን ከጫማዋ አራግፋ ስትገባ አሰልጣኙ ገና ቆቡን በእጁ እያሻሸ ቆሞ ነበር።

«አንሸራቶት ነው» አላት፣ ሳትጠይቀው። «ሽማግሌ ሰው፣ ያን ሁሉ ደረጃ! ታች ተቀምጠህ አስተላልፍ ብዬ ስንቴ ለመንኩት፣ ወይዘሮ ፕሩዊት።»

«እሱስ ምን አለ?»

«‹ከታች የሚታየው ተጫዋቹ ነው፤ ጨዋታው የሚታየው ከላይ ነው› አለኝ።»

ሎርና ፈገግ ልትል ፈልጋ አልሆነላትም። የዚያ ከተማ ሰው ጨዋታ ያየው በዓይኑ ሳይሆን በኦርቪል አፍ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሜዳ ውስጥ ተቀምጠው እንኳ ሬዲዮ ጆሯቸው ላይ የሚለጥፉ ነበሩ፤ ያዩትን እሱ ካላጸደቀላቸው አያምኑም።

በየዓመቱ የመጀመሪያው የሜዳቸው የቅርጫት ኳስ ጨዋታ በሚደረግበት ቅዳሜ ታልማጅ «የአምሳያ ምሳ» ይበላል። ኦርቪል የዘንድሮዎቹን ተጫዋቾች አንድ በአንድ እያቆመ፣ «አንተ እገሌን ትመስላለህ» ብሎ ከድሮዎቹ የአንዱን ስም ይጠራል። የተጠራው ሰው በሕይወት ካለ ራሱ ይመጣና አሮጌ ማሊያውን በወጣቱ ተጫዋች ትከሻ ላይ ያደርግለታል፤ ከሞተ ቤተሰቡ ያደርጋል። ከዚያ ከተማው እስከ ቀጣዩ ዓመት ድረስ ይከራከራል። በዚህ የተነሳ የተኳረፉ ወንድማማቾች አሉ፤ አንዷ ሴትዮማ ከእጮኛዋ የተለያየችው በዚሁ ነው ይባላል።

ሎርና ግን ለዚህ ምሳ የራሷ ቁስል አላት። ታላቅ ወንድሟ ካል ዊትሎ፣ ቁጥር አሥራ አራት፣ እሷ ገና ልጅ ሳለች በዚሁ ሜዳ በጨዋታ መሐል ወድቆ አልተነሳም። ልቡ ነው ተባለ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ምሳው ላይ ትቀመጥና ኦርቪል አንድ ቀን «አንተ ካልን ትመስላለህ» እስኪል ትጠብቃለች። አንድም ጊዜ ብሎ አያውቅም።

ደረጃውን ወጣች። ማስተላለፊያዋ ክፍል ከሜዳው በላይ የተንጠለጠለች ጠባብ የእንጨት ጎጆ ናት። የኦርቪል ከዘራ ከወንበሩ ጀርባ ላይ እንደተሰቀለ ነው። ሎርና እሱን ስታይ ቆም አለች። ጉልበቱ ከከዳው ወዲህ ኦርቪል ያለ ከዘራ አንድ ደረጃ እንኳ አይወርድም።

ጠረጴዛው ላይ በግራ አንድ አሮጌ ቴሌቪዥን ከነካሴት ማጫወቻው፣ በቀኝ ደግሞ ኮምፒውተር ተቀምጠዋል። «በግራ የድሮዎቹ፣ በቀኝ የዘንድሮዎቹ» ይል ነበር ኦርቪል፤ ሁለቱን ጎን ለጎን እያየ ነው አምሳያ የሚፈልገው። የግራው ማጫወቻ አፉን ከፍቷል፤ ካሴት የለበትም። በቀኙ ላይ ግን ምስል ቆሟል። ከተጠባባቂዎች ወንበር ጀርባ የተቀረጸ ነው። ተጫዋቾቹ አሰልጣኙን ከብበዋል። ከክቡ ኋላ የቡድኑ ኮከብ ጄቨን ኮትስ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ቀኝ እጁን ከግራ ብብቱ ሥር ወትፎ ጎኑን ጨምድዶ ይዟል።

ካል ከትምህርት ቤት ሮጦ ሲመጣ ማድ ቤት ገብቶ፣ እናታቸው እንዳታየው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ፣ ልክ እንዲህ ያደርግ ነበር። እሷ ብቻ ታየው ነበር። ለማንም አልተናገረችም፤ ልጅ ነበረች።

ኮምፒውተሩን አጥፍታ ወረደች። ስላየችው ነገር ለአሰልጣኙ ትንፍሽ አላለችም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ!

ሜዳው ላይ ጠረጴዛዎቹ ተደርድረዋል። ፊት ለፊት አምስቱ ቋሚ ተጫዋቾች የሚቀመጡባቸው ወንበሮች አሉ፤ በየወንበሩ ላይ ኦርቪል ማለዳ አጥፎ ያኖራቸው ማሊያዎች። ሦስቱ ቁጥራቸው ወደ ላይ ሆኖ ይታያል። ሁለቱ ግን ቁጥራቸው ወደ ውስጥ ታጥፏል። አንዱን ገለጥ አደረገችው፦ የዶክተር ሆልት ታናሽ ወንድም የነበረው የሟቹ የሃል ሆልት ነው። ሁለተኛው በጄቨን ወንበር ላይ ነው። ገለጠችው። ሠላሳ ሦስት፤ የታልማጅ የምንጊዜም ጀግና፣ የዱዌይን ቢቸም። እንደነበረው አጠፈችው። ከዚያ ከኦርቪል ኪስ ቁልፍ አውጥታ የድሮዎቹ ማሊያዎች የሚቀመጡበትን ቁም ሣጥን ከፈተች። የካል መስቀያ ባዶውን ነበር።

አስከሬኑን ወስደው ሲያበቁ ምሳው ይቅር ወይ የሚል ጥያቄ ተነሳ። ከሚያበስሉት ሴቶች አንዷ ዓይኗን በሽርጧ እየጠረገች፣ «ብንተወውማ ከመቃብር ተነስቶ ይሰድበናል» አለች። ሎርናም ይበላ አለች። ከምሳው በኋላ ጨዋታ አለ፤ ጄቨን ይጫወታል። የፈራችው እውነት ከሆነ ልጁ ዛሬ ካል በወደቀበት ሜዳ ላይ ይወድቃል። ያላት ማስረጃ ደግሞ አንድ የቆመ ምስል ነው።

«አሰልጣኝ፣ ኦርቪል ጄቨንን ማንን ትመስላለህ ሊለው ነበር?»

«ቢቸምን ነዋ! እዚህ ከመጣሁ ሦስተኛ ዓመቴ ነው፤ ፀጉሬን ስቆረጥ እንኳ ‹ያቺን ኳስ ቢቸም ቢሆን ያገባት ነበር› ይሉኛል።»

«ልጁ ዛሬ ባይጫወትስ?»

«ቀልድዎ ነው?» አለ አሰልጣኙ። አልሳቀም።

ዶክተር ኤመሪ ሆልት የቡድኑ ሐኪም ነው። የሟች ወንድሙ ስም ሊነሳ የሚችልበት ቀን ስለነበር በጠዋቱ ከረባት አስሮ ነበር።

«ጄቨን ጤነኛ ነው። ደረቱን እኔው ራሴ አዳምጬዋለሁ። ምነው?»

«ያኔ የካልንስ አዳምጠውት ነበር?»

«አዳምጬ ነበር» አለ ዶክተሩ። «አንዳንድ ልብ ሲያዳምጡት አይናገርም፤ በማሽን ካልታየ። ግን ልጁ አመመኝ አላለማ!»

ጄቨን ራሱን ያገኘችው ልብስ መቀየሪያ ክፍል ውስጥ ነው፤ ስለ ኦርቪል ሲያለቅስ ስትደርስበት ፊቱን በፎጣ ሸፈነ።

«ጎንህን ያምሃል ወይ፣ ልጄ?»

ፎጣው ለአፍታ ቆመ። «ኧረ አያመኝም፣ እመቤቴ» አለ። የማያመው ልጅ ቶሎ ይመልሳል፤ ይሄ ግን ዘገየ።

ዱዌይን ቢቸም የትራክተር መለዋወጫ መደብር አለው። ከመደብሩ ግድግዳ ላይ ሁልጊዜ በመስታወት ውስጥ ተሰቅሎ የኖረው ማሊያ የለም፤ መስታወቱ ወለል ላይ ተደግፏል። ዱዌይን በየበሩ አንገቱን ዝቅ አድርጎ ለመግባት የተፈጠረ ረጅም ሰው ነው፤ አሁን ግን ጎብጧል። የካል የልብ ጓደኛ ስለነበር ሎርናን እንደ እህቱ ነው የሚያያት።

«ነይ እስቲ፣ አንቺ ልጅ። ሰማሁ። ኦርቪልን የመሰለ ሰው!»

«ማሊያህ የት ሄደ?»

«ኦርቪል ነዋ፣ ባለፈው ሳምንት መጥቶ ወሰደው። ለዛሬ።»

«እንግዲያው ጄቨን አንተን ነው የሚመስለው ሊል ነበር።»

«ሌላ ማንን ሊል? አወራወሩ የኔ፣ አዘላለሉ የኔ! ጎኑን ስለያዘ ብቻ ካልን ይመስላል የሚል ሰው፣ ኳስ አያውቅም።»

ሎርና ቀስ ብላ የኮቷን ቁልፍ ቆለፈች። «ምሳ ላይ እንገናኝ» አለችው።

በምሳ ሰዓት ጅምናዚየሙ ጢም አለ። የተጠበሰው ዶሮ ቀረበ፤ የሚበላ ሰው ግን አልነበረም። የኦርቪል ወንበር ባዶ ነው። ሎርና ተነስታ ከወንበሩ አጠገብ ስትቆም ሹክሹክታው ጸጥ አለ።

«ኦርቪል አንሸራቶት አልወደቀም» አለች። «ከዘራው እላይ ክፍሉ ውስጥ ነው፤ ከወንበሩ ጀርባ ላይ እንደተሰቀለ። ያለ ከዘራ ደረጃ ሊወርድ የሚነሳ ሰው እንዳልነበረ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ስለዚህ ሊወርድ አልነበረም። ቆሞ ከሰው ጋር እየተጨቃጨቀ ነበር፤ ደረጃው በጀርባው በኩል ነበር።»

«ከማን ጋር?» አለ አንድ ሰው ከኋላ።

«ቆዩኝ። ከግራው ማጫወቻ ላይ ካሴት ተወስዷል። እናም በጄቨን ወንበር ላይ የነበረ ማሊያ ተቀይሯል።» የታጠፈውን ማሊያ አነሳች። «ይሄ ሠላሳ ሦስት ነው። ቁጥሩ ወደ ውስጥ ታጥፎ ነበር። ዶክተር፣ ኦርቪል ቁጥር ወደ ውስጥ የሚያጥፈው የማንን ነው?»

ዶክተር ሆልት ተነሳ። «የሟቾችን» አለ በዝግታ። «ከዚህ ቀደም የሃልን ማሊያ ሲሰጠኝ፣ ‹የሞተ ሰው ቁጥር የሚገልጠው የራሱ ሰው ነው› ብሎኛል።»

«ለእናቴም እንደዚያ ብሏት ነበር፣ በካል ቀብር ላይ። ይህን የምናውቀው ሬሳ የቀበርን ብቻ ነን። በሕይወት ያለ ሰው ማሊያው ሁሌም ቁጥሩ ከላይ ሆኖ ነው የሚደርሰው፤ ስለዚህ አያውቅም። ኦርቪል ደግሞ የሕያውን ሰው ቁጥር አይሸፍንም፤ እጁ ቢቆረጥ አያደርገውም። እዚያ ወንበር ላይ የሟች ማሊያ ነበር። አንድ ሰው አነሳውና በምትኩ ይሄን አኖረ፤ እንዳይታወቅበትም ያገኘውን አስተጣጠፍ አስመስሎ አጠፈ።»

አሰልጣኝ ራስክ እጁን አነሳ። «ወይዘሮ ፕሩዊት፣ እኔም አላውቅም ነበር።»

«እውነት ነው፤ አንተም አታውቅም። ግን ጄቨን ጎኑን እንደሚይዝ አታውቅም። ዶክተሩም አያውቁም። ልጁ ከኋላችሁ ተደብቆ ነው የሚይዘው፤ የሚታየው ኦርቪል ባቆመው ምስል ላይ ብቻ ነው፤ እሱንም እኔ አጥፍቼዋለሁ። ዛሬ ያንን የነገረኝ አንድ ሰው ነው። ሳልጠይቀው። ምክንያቱም የዚህ ከተማ ሰው፣ አምሳያ ሲነሳበት ሳይከራከር መዋጥ አይችልም።»

ሰው ሁሉ ዞሮ ዱዌይን ቢቸምን አየ። ዱዌይን እጆቹን እያየ ነበር።

«ዱዌይን፣ የራስህን ማሊያ እንደ ሟች አጠፍከው እኮ» አለችው።

ትልቁ ሰውዬ ከወንበሩ ለመነሳት ሞክሮ አቃተው።

«ዛሬ ጠዋት ራሴ ነኝ ይዤው የሄድኩት» አለ። «ላስቀምጠው። ስንት ዓመት ጠብቄ! በየዓመቱ እዚህ ተቀምጬ ኦርቪል ‹ቢቸምን የሚመስል ገና አልተወለደም› ሲል እስቃለሁ፤ ቤቴ ገብቼ ግን ሞቼ የተረሳሁ ይመስለኛል። ይሄ ልጅ ሲመጣ፣ በቃ፣ ተመለስኩ አልኩ። ኦርቪል ግን፣ ‹አንተን አይደለም ዱዌይን፤ ካልን ነው። ልቡም እንደ ካል ነው፤ ምሳው ላይ ተናግሬ አስቆመዋለሁ› አለኝ። እኔን ለማጥፋት በሽታ ፈጠርክ አልኩት። ኮቱን ያዝኩት... ለቀቅኩት። በቃ። ልገለው አልነበረም።»

«ካሴቱንስ አየኸው?»

«አየሁት።» እንባው አገጩ ላይ ደረሰ። «ካል ጎኑን ይዟል። እኔ ከጎኑ ቆሜ እስቃለሁ። አላየሁትም ነበር፣ ሎርና። አጠገቡ ቆሜ አላየሁትም።»

«ዛሬ ግን አይተህ ዝም አልክ። ይሄ ልጅ ሜዳ ሊገባ ነበር።»

ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም እንደሚባለው፣ ዱዌይን እዚያው ተቀምጦ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ፤ የተቆጣው ሰው እንኳ ሊሰድበው አፉ አልታዘዝ አለው። ምክትሏ ሊይዘው ሲመጣ ዱዌይን የመኪናውን ቁልፍ ለሎርና ዘረጋላት።

«ከመቀመጫው ሥር ነው። ካሴቱም ማሊያውም። ላቃጥለው ነበር፤ የካል ሆኖብኝ አልቻልኩም።»

ሎርና ወጥታ፣ በረዶው ላይ ቆማ አንድ ጊዜ አለቀሰችና ማሊያውን ይዛ ተመለሰች። አሁንም ኦርቪል እንዳጠፈው ነበር። ጄቨን ፊት ቆማ በገዛ እጇ ገለጠችው። አሥራ አራት። የዘመናት ጥበቃዋ ይኸው ደረሰ፤ እንዲህ ሆኖ እንዲደርስ ግን አልለመነችም ነበር።

«ጄቨን ኮትስ» አለች፣ ኦርቪል ይል እንደነበረው ጮክ ብላ። «አንተ ካል ዊትሎን ትመስላለህ።» ትከሻው ላይ አደረገችለት።

ልጁ ጨርቁን በሁለት እጁ ጨበጠ። «ያመኛል» አለ፣ እሷ ብቻ በምትሰማው ድምፅ። «ክረምት ከገባ ጀምሮ። ብናገር ያስቆሙኛል ብዬ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ዛሬ አልጫወትም ማለት ነው?»

ዶክተር ሆልት ከኋላዋ መጥቶ ቆሟል፤ ኮቱን ለብሷል፤ ወደ ከተማው ሆስፒታል ሊወስደው መኪናውን አስነስቷል።

«ዛሬም፣ ምናልባት ከዛሬ በኋላም» አለችው ሎርና። ልጁ አንገቱን ደፋ። የሚወደውን ነገር በአንድ ቀን የተነጠቀ ሰው ምን ይባላል? ሎርና እጇን ግራ ጎኑ ላይ፣ የሚይዘው ቦታ ላይ አሳረፈች። ልቡ ይመታል።

«ጄቨን፣ ስማኝ» አለች። «እስከ ዛሬ መሰልከው። ከአሁን በኋላ ግን አትመስለውም።»