ዲንቄ የቆጠረቻቸው ወራት

አረጋሽ የሞተችው በ፲፱፻፳፪ ዓ.ም. የካቲት መጨረሻ፣ አዳማ ባቡር ጣቢያ ጀርባ ባለው የአማቷ ቤት ነው። የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች፤ ደሟ አልቆም ብሎ ከቀትር በፊት አለቀች። ዳኛው የላኳቸው መርማሪ ባላምባራስ ሰብስቤ ሲደርሱ፣ ሰፈርተኛው፣ ሴቶችን በቃል የምታክመውን ዲንቄን አስሮ ጠበቃቸው። ሊሰቅላት የቸኮለው ብዙ ነበር።

ባላምባራስ ጩኸት ያንገሸግሻቸዋል። ሁሉንም ዝም አሰኝተው ጠየቋት፦

«ምን አደረግሻት?»

«ስትፈራ በቃል አስተኛታለሁ፣ ጌታዬ። ዓይኗን ጨፍና ‹አምስት ወር ሞላው፤ እጁን ዘረጋ፤ አትፍሪ› ስላት ትረጋጋለች። ትናንትም ይህንኑ ነው ያልኳት። ዛሬ አልመጣሁም።»

«ድግምት ነው!» አሉ አማቲቱ ወይዘሮ ሸዋወርቅ። «ከመጋረጃው ኋላ ሆኜ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። በአፏ ገደለቻት!»

ባላምባራስ ገብተው ከአልጋው ሥር አንድ ዋንጫ አነሡና አሸተቱት። የኮሶ ዝቃጭ ነበረበት። ኮሶ ለትል እንጂ ለእርጉዝ እንደማይሆን፣ ፅንስ እንደሚያስወርድ ያውቃሉ።

ጎረቤቲቱን ቀመሪያን ጠሩ።

«ጠዋት መጥተሽ ነበር?»

«ወተት ይዤ። ወይዘሮ ሸዋወርቅ በር ላይ ‹ኮሶ ጠጥታለች› አሉኝ። ኮሶ የጠጣ ሰው አይጎበኝም፤ ተመለስኩ። ማርገዟን መች አወቅኩ!»

ከሰዓት በኋላ የሟች ባል፣ የአዋሽ ጣቢያው ስልከኛ ሐዲስ፣ መርዶውን ሰምቶ በባቡር ደረሰ። ባላምባራስ ሁሉንም ግቢው ውስጥ ሰበሰቡ።

«ዋንጫው የኮሶ ነው። እርጉዝ ሴት ዐውቃ አትጠጣውም። ዲንቄ ዛሬ ደጁን አልረገጠችም። ‹ኮሶ ጠጥታለች› ያሉት እርስዎ ነዎት፣ ወይዘሮ ሸዋወርቅ።»

«እንግዳ ለመመለስ ማንም የሚለው ነው!»

«ስለ እርጉዝ ግን ማንም አይልም። ማርገዟን ደግሞ ከመጋረጃው ኋላ ሰምተዋል። በእጅዎ የነበረው ነው ከአፍዎ ያመለጠዎት። ምን ብለው አጠጧት?»

ሴትዮዋ ልጃቸውን አዩ፤ ከዚያ አገጫቸውን ቀና አደረጉ።

«ዲንቄ የላከችልሽ መድኃኒት ነው አልኳት። አዎ! ልጄ አዋሽ የወረደው በሐምሌ ነው፤ ከዚያ ወዲህ አልመጣም። ታዲያ የአምስት ወር ፅንስ ከየት መጣ? የሌላ ሰው ልጅ በልጄ ስም ልታስጠራ ነበር!»

ባላምባራስ ዲንቄን እንዲፈቷት አዘዙ። ሐዲስ መሬት ላይ ተቀመጠ።

«ለመስቀል መጥቼ ነበር፣ እማዬ። አንቺ ደመራ ሄደሽ ነበር። ሥራዬን ጥዬ በዕቃ ባቡር መጣሁ፤ ሳትመለሺ ሄድኩ።»

«ታዲያ ለምን አልነገረችኝም?»

«አለቆቼ እንዳይሰሙ ለማንም አትንገሪ ብዬ አስምያት ነበር።»